ብቻውን የማይመሰክር ቁጥር

ሃይድሮጅን ከአቶሞች ሁሉ ቀላሉ ነው፤ አንድ ፕሮቶንና አንድ ኤሌክትሮን፣ በቃ። ኤሌክትሮኑን ከመጨረሻው ዝቅተኛ የኃይል ደረጃ ወደ ቀጣዩ ለማውጣት የሚያስፈልገው ድግግሞሽ በሰከንድ 2,466,061,413,187,035 ነው። ጀርመን ውስጥ ሙኒክ አጠገብ፣ ጋርኺንግ የሚገኘው የማክስ ፕላንክ የኳንተም ኦፕቲክስ ተቋም ቡድን ይህን ቁጥር በ2011 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይፋ ሲያደርግ፣ ብንሳሳት በ10 ኸርዝ ገደማ ነው ብሎ ነበር። ከአዲስ አበባ ሆሳዕና ያለውን 230 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በዚሁ ጥራት የሚለካ ሰው ቢኖር ስህተቱ ከአንድ ናኖ ሜትር አይዘልም፤ ጎን ለጎን የተደረደሩ ጥቂት አቶሞች ስፋት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲነበብ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣ ሐሳብ አለ፦ ንድፈ ሐሳቡ ቁጥሩን አስቀድሞ ተናግሮ ከሆነ ጸና፣ ካልሆነ ወደቀ። እኔ የምከራከረው ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም ብዬ ነው። ይህ ቁጥር ከነአሐዞቹ ብዛት ብቻውን ምንም አይፈትንም። ፈታኝ የሚሆነው ከእሱ በጥራት እጅግ የሚያንስ ሌላ ቁጥር አጠገቡ ሲቆም ነው፤ ያም ሌላ ቁጥር ከሌላ ቤት የመጣ መሆን አለበት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ብርሃንና ኤሌክትሮን እንዴት እንደሚገናኙ የሚያስረዳው ንድፈ ሐሳብ ኳንተም ኤሌክትሮዳይናሚክስ ይባላል። የሃይድሮጅንን የኃይል ደረጃዎች አንድ በአንድ ያሰላል፤ ስሌቱን ለመጀመር ግን ከውጭ የሚቀበላቸው ነገሮች አሉ። አንዱ የደረጃዎቹን ሁሉ መጠን በአንድ ጊዜ የሚወስነው ሪድበርግ የተባለው ቋሚ ቁጥር ነው። ሌላው የፕሮቶኑ ስፋት ነው። ኤሌክትሮኑ በዝቅተኛው ደረጃ ሳለ አልፎ አልፎ ፕሮቶኑ ውስጥ ይገኛል፤ እዚያ ሲሆን ሙሉው ቻርጅ ስለማይስበው ደረጃው በጥቂቱ ከፍ ይላል። ጭማሪው አንድ ሚሊዮን ኸርዝ ገደማ ነው። ከጠቅላላው ድግግሞሽ አንጻር ኢምንት ነው፤ ከ10 ኸርዝ ስህተት አንጻር ግን ግዙፍ ነው። በዚያን ጊዜ የፕሮቶኑ ስፋት የሚታወቀው በመቶ አንድ ለመሆን በጥቂቱ በሚጎድል ስህተት ስለነበር፣ ከዚህ ብቻ የሚመጣው የስሌቱ ጥርጣሬ በሺዎች የሚቆጠር ኸርዝ ነበር። ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች ያሉት አንድ እኩልታ እንደማይፈታ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ያውቃል። ስለዚህ የጋርኺንጉ ቁጥር የሚነግረን ሪድበርግና የፕሮቶን ስፋት እንዴት እንደተሳሰሩ ብቻ ነው፦ አንዱን ስጡኝ፣ ሌላውን ልንገራችሁ ይላል። ንድፈ ሐሳቡ እውነት ቢሆንም ባይሆንም ለዚህ አንድ ቁጥር የሚስማማ የሪድበርግና የስፋት ጥንድ አይጠፋም።

ከዚህ አንጻር የድሮው ፈተና ዕድለኛ ነበር። የፖል ዲራክ የ1928 እኩልታ በሃይድሮጅን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያሉ ሁለት ሁኔታዎች ኃይላቸው ፍጹም እኩል ነው ይል ነበር። በ1947 ዊሊስ ላምብና ሮበርት ሬዘርፎርድ በኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ በጦርነቱ ጊዜ ለራዳር የዳበረውን የማይክሮዌቭ ጥበብ ይዘው ሲለኩ፣ ሁለቱ በ1,000 ሜጋ ኸርዝ ያህል ተለያይተው ተገኙ። በዛሬ ሚዛን ልኬቱ ሻካራ ነው። ንድፈ ሐሳቡ ያለው ግን ዜሮ ስለሆነ፣ ዜሮ አለመሆኑን ለማወቅ ብዙ አሐዝ አላስፈለገም። ከውጭ የሚገባ ቁጥርም አላስፈለገም፤ ሪድበርግ ምንም ይሁን ምን፣ ዜሮ ዜሮ ነው። ሐንስ ቤተ ወዲያው ልዩነቱን አስልቶ 1,040 አካባቢ አገኘ፤ ቶሞናጋ፣ ሽዊንገርና ፋይንማን የዛሬውን ንድፈ ሐሳብ ያቆሙት በዚያ ግፊት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አልበርት ማይክልሰን በ1894 ቺካጎ ላይ ባደረገው ንግግር የወደፊቱ የፊዚክስ እውነት ከነጥብ በኋላ ስድስተኛው አሐዝ ላይ ይፈለግ ብሎ ነበርና፣ ኳንተምና ሪላቲቪቲ ከመጡ ወዲህ መሳቂያ ሆኖ ቀርቷል። ላምብ ያገኘውን 1,057 ሜጋ ኸርዝ ከላይ ለተጠቀሰው ታላቅ ድግግሞሽ ብናካፍለው ከነጥብ በኋላ ሰባተኛው አሐዝ ላይ ይወድቃል። የሚሳቀው ሳቅ እንግዲህ ግማሹ ያለቦታው ነው።

ዜሮ የሚል ትንቢት ግን ሁልጊዜ አይገኝም። በሌለበት ምን እንደሚሆን በጉልህ የታየው በፕሮቶኑ ስፋት ላይ ነው። እስከ 2010 ድረስ የፕሮቶን ሬዲየስ 0.877 ፌምቶ ሜትር ገደማ ነው ይባል ነበር፤ ፌምቶ ሜትር የሚሊ ሜትር ሺህ ቢሊዮንኛ ነው። ቁጥሩ የመጣው በሁለት መንገድ ነው፦ ኤሌክትሮን ወደ ፕሮቶን እየተኮሱ አበታተኑን በማጥናትና የሃይድሮጅንን ብርሃን በሌዘር በመለካት። በስዊዘርላንድ ፖል ሼረር ተቋም ራንዶልፍ ፖል የሚመሩት ዓለም አቀፍ ቡድን ሦስተኛ መንገድ ያዘ። ከሃይድሮጅኑ ኤሌክትሮኑን አስወጥቶ በቦታው ሚዩዎን አስገባ። የሚዩዎን ቻርጅ ከኤሌክትሮን ጋር አንድ ነው፤ ክብደቱ ግን 207 እጥፍ ነው። ስለሚከብድ ከፕሮቶኑ ተጠግቶ ይኖራል፤ ፕሮቶኑ ውስጥ የመገኘት ዕድሉም ከኤሌክትሮኑ በሚሊዮኖች እጥፍ ይበልጣል። በተራው ሃይድሮጅን ላይ ተለቅሞ የሚወጣው የስፋት ውጤት እዚህ ፊት ለፊት ይታያል።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ሚዩዎን ራሱ ሁለት ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ኖሮ ይበተናል፤ ለልኬቱ በሚፈለገው ደረጃ ላይ ያለው አቶም ደግሞ ዕድሜው አንድ ማይክሮ ሰከንድ ያህል ነው። ስለዚህ ሌዘሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ሚዩዎን መግባቱ እንደታወቀ ይተኮሳል፤ 6 ማይክሮ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው የማይታይ ብርሃን ፊት ለፊት በቆሙ መስታወቶች መሀል እየተመላለሰ አቶሙን ያገኘዋል። ድግግሞሹ ልክ ከሆነ አቶሙ ኤክስሬይ ይለቃል፤ እሱም በሰዓት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። በ2003 እና በ2007 የተደረጉት ሙከራዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከምክንያቶቹ አንዱ በኋላ ሲታይ የሚያስገርም ነው፦ ሲፈለግ የነበረው ትልቁ ሬዲየስ እውነት ቢሆን መስመሩ በሚገኝበት አካባቢ ነበር። በ2009 ፍለጋው ሲሰፋ መስመሩ ማንም ካልጠበቀው ቦታ ብቅ አለ። ሬዲየሱ 0.842 ሆነ፤ ከቀድሞው በ4 በመቶ ያነሰ። ልዩነቱ ከስህተት ህዳጉ አምስት እጥፍ ነበር፤ በ2013 ሁለተኛው ልኬት ሲታተም ወደ ሰባት እጥፍ አደገ።

እንግዲህ ማን ተሳሳተ? ምናልባት ሚዩዎን ከኤሌክትሮን የሚለይበት ያልታወቀ ኃይል አለ፤ ያ ከሆነ ንድፈ ሐሳቡ ወድቋል። ምናልባት ስሌቱ ላይ የተረሳ ነገር አለ። ምናልባት የቀድሞዎቹ ልኬቶች ናቸው የተሳሳቱት። እዚህ ላይ ተጠራጣሪው ይነሳል፤ የሚናገረውም ውሃ የሚያነሳ ነው። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅና ፈላስፋ ፒየር ዱኤም በ1906 ባሳተመው መጽሐፍ የተከራከረበት ነገር ነው፦ አንድ ሙከራ አንዲትን ሐሳብ ነጥሎ አይፈትንም፤ የሚፈትነው ንድፈ ሐሳቡን፣ መሣሪያውን፣ ከሌላ ቦታ የተወሰዱትን ቁጥሮችና የስሌቱን መንገድ ሁሉ በጅምላ ነው። ውጤቱ ሲበላሽ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይናገርም። ተጠራጣሪው ከዚህ ተነስቶ ሲያክል፣ የፊዚክስ ሰዎች የሚወዱት ንድፈ ሐሳብ ሲነካ ሁልጊዜ መሣሪያውን ይከሳሉ፣ ስለዚህ ፈተና የሚባለው ለይስሙላ ነው ይላል።

የዱኤምን ክርክር እቀበላለሁ፤ የተጠራጣሪውን ጭማሪ አልቀበልም። ምክንያቴም ከ2010 በኋላ የሆነው ነው። የጋርኺንግ ሰዎች በ2017 ሌላ የሃይድሮጅን መስመር ለክተው ትንሹን ሬዲየስ አገኙ። በ2018 የፓሪስ ቡድን ደግሞ ሌላ መስመር ለክቶ ትልቁን፣ 0.877ን፣ መልሶ አመጣ። በ2019 ቶሮንቶ በሚገኘው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ላምብ የለካውን ያንኑ ልዩነት በማይክሮዌቭ እንደገና ለክተው 0.833 አሉ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ቨርጂኒያ የጄፈርሰን ላቦራቶሪ ሌዘር ሳይነካ፣ ኤሌክትሮን በማበታተን ብቻ፣ 0.831 አለ። ከእነዚህ ሁሉ የምመዝነው የቶሮንቶውንና የቨርጂኒያውን ነው። የቶሮንቶው ልኬት ለሚፈልገው ጥራት የሪድበርግ ጥርጣሬ ምንም አይጎዳውም፤ የቨርጂኒያው የአቶም ደረጃ የሚባል ነገር ውስጥ አይገባም። የስዊዘርላንዱ ደግሞ ሚዩዎን ነው። ሦስቱ በአንድ ስህተት አብረው ሊሳሳቱ የሚችሉበት በር እምብዛም የለም። ትንሹ ሬዲየስ ያሸነፈው በድምፅ ብልጫ ቢሆን ኖሮ ተጠራጣሪው ልክ ነበር፤ ያሸነፈው ግን የማይተዋወቁ ምስክሮች አንድ ቃል ስለተናገሩ ነው። ንድፈ ሐሳቡም በዚያው ልክ ዳነ፤ የዳነበት መንገድ ደግሞ ሊወድቅ ይችልበት የነበረው መንገድ ነው። ቶሮንቶ 0.877 ብሎ ቢሆን ኖሮ ኤሌክትሮንና ሚዩዎን ፕሮቶኑን የሚያዩት በተለያየ ዓይን ነው ማለት ሊመጣ ነበር።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ይቀራል፤ ከተጠራጣሪው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። የቀድሞው 0.877ም እኮ በሁለት መንገድ ነበር የመጣው፦ በማበታተንና በሌዘር። ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች ተስማምተው ተሳስተዋል ማለት ነው፤ ታዲያ መስማማት ምን ዋጋ አለው? መልሱ ወደ ዝርዝሩ ሲገባ ይገኛል። የድሮዎቹ የሃይድሮጅን ልኬቶች አንድ በአንድ ሲታዩ አብዛኞቹ ከትንሹ ሬዲየስ ያን ያህል የሚጣሉ አልነበሩም፤ የስህተት ህዳጋቸው ሰፊ ነው። ችግሩ ያዘነበሉት ሁሉም ወደ አንድ ጎን መሆኑ ነው፤ አማካያቸው ሲወሰድ ህዳጉ ጠበበ፣ ማዘንበሉ ግን ቀረ። በማበታተኑም በኩል ሬዲየሱ በቀጥታ አይለካም፤ ሊደረስበት ወደማይቻል ነጥብ መስመር ተስቦ ነው የሚገመተው፤ መስመሩን በሌላ ዘዴ የሳቡ ሰዎች ከ2010 በፊትም 0.84 አካባቢ አግኝተው ነበር፤ የሰማቸው ጥቂት ነው። እንግዲህ የመንገዶች ልዩነት በቃል የሚታወጅ ነገር ሳይሆን ራሱ መመርመር ያለበት ነገር ነው። ጉዳዩም ተጠናቆ አልተዘጋም። ጋርኺንግ በ2020 የፓሪሱን መስመር ለክቶ 0.848 አለ፤ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2022 በሌላ መስመር 0.858 አለ። ሁለተኛው ከሚዩዎኑ ቁጥር የራቀው በህዳጉ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። የቋሚ ቁጥሮችን ይፋዊ ዝርዝር የሚያወጣው ኮዳታ ትንሹን ሬዲየስ ከተቀበለ ዓመታት ቢያልፉም ጥቂት ልኬቶች አሁንም አሻፈረኝ እንዳሉ ናቸው።

ሆሳዕና ውስጥ ለሚያነብ ሰው ከዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህ ለእኛ ምናችን ነው? የተለመደው መልስ ጥቅም መቁጠር ነው፤ የስልኩ ካርታ ቦታን የሚያውቀው በአቶም ሰዓት ነው፣ ሌዘር ሆስፒታልም ይገባል፣ ወዘተ። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ጥያቄውን ይሸሻል፤ ስልክ ለመያዝ የፕሮቶንን ስፋት ማወቅ አያስፈልግም። የምሰጠው መልስ ከክርክሩ ውስጥ የሚወጣ ነው። ንድፈ ሐሳቡ ስለ ጋርኺንግ ሃይድሮጅን ብቻ አይናገርም። በቢላቴ ወንዝ ውሃ ውስጥ ስላለውም፣ በዱራሜ አየር ውስጥ ስላለውም ይናገራል፤ ሁሉም ያው ነው ይላል። ይህ አባባል ራሱ ሐሰት ሊሆን የሚችል አባባል ነው፤ የሚፈተንም ነው። ከሜይ 20 ቀን 2019 ጀምሮ ኪሎ ግራም የሚተረጎመው ፓሪስ አጠገብ በተቀመጠ ብረት መሆኑ ቀርቶ በፕላንክ ቋሚ ቁጥር ነው፤ ሜትር ከ1983 ወዲህ በብርሃን ፍጥነት፣ ሰከንድ ከ1967 ወዲህ በሲዝየም አቶም ድግግሞሽ። በሆሳዕና ገበያ ስንዴና ቡላ የሚመዘንበት ሚዛን በአዲስ አበባው የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት በኩል ወደ ኋላ ቢከተሉት መጨረሻው የፕላንክ ቁጥር ነው። ፕላንክ በቦታ ወይም በጊዜ የሚለዋወጥ ቢሆን ነጋዴው ሳያውቀው ሚዛኑ ትርጉሙን ያጣል። መስፈሪያው በየቦታው ያው መሆኑን ዛሬ የዓለም ገበያ ሁሉ በዝምታ ተቀብሎታል፤ በዝምታ የተቀበሉት ነገር ደግሞ አንድ ሰው ሄዶ ሊያየው ይገባል።

ያዩትም አሉ። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአጠቃላይ ሪላቲቪቲ ሕግ መሠረት አንድ ሜትር ከፍታ ሰዓትን ከአሥር ሺህ ትሪሊዮን አንድ ክፍል ገደማ ያፈጥናል፤ ስለዚህ እዚያ የሚቀመጥ የአቶም ሰዓት በባሕር ወለል ካለው አቻው በዓመት ከ7 ማይክሮ ሰከንድ በላይ ይቀድማል። ይህ ስሌት ነው፤ በሌላ ቦታ ግን ተለክቷል። በ2020 የሂዴቶሺ ካቶሪ ቡድን ሁለት የስትሮንቲየም ሰዓቶችን ወስዶ አንዱን ከቶኪዮ ስካይትሪ ማማ ሥር፣ ሌላውን 450 ሜትር ከፍታ ላይ አስቀመጠ፤ የላይኛው በቀን ከ4 ናኖ ሰከንድ በላይ ቀደመ፤ ልክ እንደተባለው። 777 ደረጃ የተሠራለት የከምባታው አምበሪቾ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ በጫፉና በዱራሜ ከተማ መካከል ያለው ልዩነት የማማውን እጥፍ ያህል ነው። ዋናው ጉዳይ የሰዓቱ መቅደም ብቻ አይደለም፦ የስትሮንቲየም ሰዓትም የሲዝየም ሰዓትም የይተርቢየም ሰዓትም በእኩል መቅደም አለባቸው። አንዱ ከሌላው ቢያንስ ወይም ቢበልጥ፣ የአቶሞችን ደረጃ የሚወስኑት ቋሚ ቁጥሮች በሆሳዕናና በባሕር ዳርቻ አንድ አይደሉም ማለት ነው። ምድር በዓመት አንዴ ወደ ፀሐይ ቀረብ፣ አንዴ ራቅ ስለምትል ይህ ጥያቄ ከቤት ሳይወጡም ይጠየቃል። በብራውንሽቫይክ የጀርመን የሥነ ልክ ተቋም ሁለት ዓይነት የይተርቢየም መስመሮችን ለዓመታት ሲያወዳድር ቆይቶ በ2021 ባወጣው ውጤት፣ የብርሃንና የኤሌክትሮን ትስስር መጠን በዓመት ከቢሊዮን ቢሊዮን ጥቂት ክፍል በላይ እንደማይለወጥ አሳየ። እዚህም ተፈታኙ ትንቢት ዜሮ ነው፤ የላምብ ዕድል ማለት ነው።

መለኪያው የሌላ፣ ማማው የሌላ፣ ሽልማቱም የሌላ አገር መሆኑ ያው ነው የሚል ይኖራል። ስለ መሣሪያው ልክ ነው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆሳዕና ላይ የስትሮንቲየም ሰዓት ይግዛ ብዬ አልከራከርም፤ ለላቦራቶሪ ማስተማሪያ ዕቃ የሚያስፈልገው ገንዘብ ቀድሞ ይመጣል። ነገር ግን ምስክርነት በመሣሪያ ብቻ አይሰጥም፤ በስሌትም ይሰጣል። አንድ ምሳሌ ከቅርብ ልመልከት። ኤሌክትሮን እንደ ጥቃቅን ማግኔት ነው፤ የማግኔቱን ጥንካሬ በ2023 ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የጄራልድ ጋብሪየልስ ቡድን በወጥመድ የተያዘ አንድ ኤሌክትሮን ላይ ለክቶ ስህተቱን ወደ አሥር ትሪሊዮን አንድ ክፍል ገደማ አወረደው። ከዚህ ጋር የሚተያየው ስሌት ግዙፍ ነው። ቶይቺሮ ኪኖሺታና የጃፓን ባልደረቦቹ በ2012 አምስተኛውን እርከን ጨርሰው ሲያቀርቡ ያሰሉት ዲያግራም 12,672 ነበር። በ2019 ሰርጌይ ቮልኮቭ ለብቻው፣ በራሱ ዘዴ፣ የዚያን ስሌት ትልቁን ክፍል እንደገና ሠርቶ ሌላ ቁጥር አገኘ፤ ልዩነቱ ከህዳጉ አምስት እጥፍ ገደማ። የጃፓኑ ቡድን ሥራውን በ389 ክፍል ከፋፍሎ ከቮልኮቭ ጋር አንድ በአንድ አስተያየ። አንዱም ክፍል ለብቻው ጉልህ ስህተት አልተገኘበትም። ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ቅርጽ ባላቸው 98 ዲያግራሞች ላይ ጥቃቅኖቹ ልዩነቶች ወዲያና ወዲህ መበታተን ሲገባቸው አዘንብለው ተገኙ፤ ሲደመሩ ያ ሁሉ ልዩነት ከእነሱ መጣ። በ2024 እነዚያ 98ቱ በበለጠ ጥራት ሲሰሉ ጠቡ ጠፋ። የድሮዎቹ የሃይድሮጅን ልኬቶች ታሪክ ይሄው ነው፤ በመሣሪያ የሆነው በስሌትም ሆነ።

ይህን ያስነሳው አንድ ሰው ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ መሠረት የለም አይባልም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍስሐ ካሳሁን የኳንተም ኦፕቲክስን ንድፈ ሐሳብ አስተምረዋል፤ በእንግሊዝኛም የመማሪያ መጽሐፍ ጽፈውበታል። ላቦራቶሪ ስለጠበበ ወደ ወረቀትና ስሌት የዞረው የአገሪቱ ፊዚክስ ብዙ ጊዜ እንደ ጉድለት ይቆጠራል፤ ጉድለትነቱንም አልክድም። ሆኖም ስሌት መድገም ማለት የሌላውን ድካም መቅዳት ነው የሚለው አስተሳሰብ፣ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ሲመረጥ ደጋግሞ የሚሰማው፣ ከላይ ባለው ታሪክ አይደገፍም። መደገም ያለበት በሌላ ዘዴ ነው፤ በዚያው ዘዴ የሚደግም የዚያውን ስህተት ነው የሚደግመው። ዘዴውን የሚቀይር ግን፣ ሆሳዕና ይቀመጥ ኦሳካ፣ ምስክር ነው።

አሁን ክርክሩ ሁሉ የቆመበት ቦታ ላይ እንድረስ። የኤሌክትሮኑ ማግኔት ተለክቷል፤ ስሌቱም ከሞላ ጎደል ታርቋል። ንድፈ ሐሳቡን ለመፈተን የሚቀረው ከውጭ የሚገባው ቁጥር ነው፤ የብርሃንና የኤሌክትሮን ትስስር መጠን፣ 1/137 ገደማ የሆነው። ይህን ቁጥር በሚፈለገው ጥራት ከኤሌክትሮኑ ማግኔት ውጭ የሚሰጡት ሁለት የሌዘር ሙከራዎች ናቸው። ሁለቱም አቶምን በሌዘር ይገፋሉ፤ አቶሙ አንዲት የብርሃን ቅንጣት ሲቀበል ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚያፈገፍግ ይለካሉ። በርክሌይ በ2018 በሲዝየም የቁጥሩን ተገላቢጦሽ 137.035999046 አለች፤ ፓሪስ በ2020 በሩቢዲየም 137.035999206 አለች። ከነጥብ በኋላ ዘጠኝ አሐዝ ተጽፎ ጠቡ በመጨረሻዎቹ ሦስቱ ላይ ነው፤ ግን እነሱ ራሳቸው በሚያምኑት ህዳግ ሲለካ ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። ሁለቱም ጥንቁቅ ናቸው፤ ቢያንስ አንዳቸው ግን ተሳስተዋል። ከዚህ የተነሳ፣ እስከዛሬ ከተለኩት የመሠረታዊ ቅንጣቶች ባሕርያት በጥራቱ ግንባር ቀደም የሆነው የኤሌክትሮን ልኬት ንድፈ ሐሳቡን በሙሉ አቅሙ ሊፈትን አልቻለም። ሰዎች ወደ ሦስተኛ ዳኛ መዞራቸው አይቀርም፤ በ2023 ከኤሌክትሮኑ ማግኔት ራሱ በስሌት የወጣው ቁጥር 137.035999166 ነውና፣ በሁለቱ መሀል ሆኖ ለፓሪስ ይቀርባል። ይህን ይዞ ፓሪስ ረታች የሚል ተከራካሪ ያጋጥማል። ያ ቁጥር ግን የተሰላው ንድፈ ሐሳቡ እውነት ነው ተብሎ ነው፤ እንዲፈርድ ከተጠራ ተፈታኙ ፈታኞቹን እየመረጠ ነው። የሚያስፈልገው በሲዝየምም በሩቢዲየምም ያላለፈ፣ ከተቻለም አቶም በመግፋት ያልመጣ ሌላ ልኬት ነው፤ ዘጠነኛው አሐዝ ላይ የሚደርስ እንዲህ ያለ ልኬት ደግሞ ገና አልተገኘም።